ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ አባት ወዴት ነው?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የማይል አባት በአገራችን ጥቂት ነው። እኔም ስለው ኖሬአለሁ። አሁን ግን፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህ አባባል የሰነፍ አባት መሸሸጊያ ነው ብዬ ልከራከራችሁ ተነሥቻለሁ። ይልቁንም ሁለተኛ ልጅ በተወለደበት ቤት ሲነገር መስማት ያስቆጣኛል።

ሁለተኛውን ልጅ ለይቼ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር፥ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፥ ሴት የበኩር ልጇን ለመውለድ ብዙ ጊዜ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ገንፎውን የምታገነፋ፥ ሕፃኑን የምታጥብ፥ ሌሊት የምትነሣ አያት አለች። ከባል የሚጠበቀው ቅቤውንና ማሩን ይዞ መምጣት ብቻ ስለ ሆነ፥ አባትነቱን በእንግድነት ይጀምራል። ሁለተኛው ግን ጤና ጣቢያም ቢወለድ የሚገባው ወደ አባቱ ቤት ነው። አራሷ ተኝታለች፤ ሕፃኑ ጡት ይዟል፤ መደቡ ጥግ ደግሞ እስከ ትናንት የቤቱ ንጉሥ የነበረ የሦስት ዓመት ልጅ ቆሞ ያያል። የእናት ጭን አንድ ነው። እንግዲህ የዚያ ልጅ ጭን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባቱ ጭን ነው፤ የክርክሬ ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ አባት ወዴት ነው? እርሻ ላይ ነው ይሉኛል። እውነት ነው፤ የጎጃም ገበሬ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ቢኖር በሰኔና በሐምሌ በቆሎው፥ ዳጉሳውና በርበሬው ማሳ ላይ አንድ ቀን ይዋልና ይፍረድ። ነገር ግን በ12 ሚካኤል ነው፥ በ21 ማርያም ነው፥ በ29 በዓለ ወልድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ሰንበት ነው። በእነዚህ ቀኖች ሞፈር አይነሣም። ሕፃን ግን ዛሬ ሚካኤል ነውና አላለቅስም አይልም፤ ማጀቱም ያው ማጀት ነው። በሬ በሚያርፍበት ቀን ባል ከበሬው ጋር ያርፋል፤ ሚስት ግን አታርፍም። እርሱ ከማኅበሩ ጠላ ወደ ጎረቤት ጠላ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች። በዓሉን ሻሩ አላልሁም፤ ከልጃችሁ ጋር አክብሩት ነው የምለው።

ደግሞም ገበሬ ትዕግሥት የማያውቅ ሰው አይደለም። ላሚቱ ሌሊት ብትወልድ ተነሥቶ ያዋልዳታል። ወይፈን ሲገራም ሥራ ከለመደ በሬ ጋር አጣምዶ፥ ቀስ እያለ፥ እያባበለ ያስለምደዋል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ይህን ትዕግሥት አያገኝም። «አንተ አሁን ታላቅ ነህ፤ አታልቅስ» ይባላል። ባንድ ሌሊት የተገራ ወይፈን የት አለ? በኩሯ ሴት የሆነች እንደ ሆነማ ነገሩ ይከፋል። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት አንቀልባ በጀርባዋ ይታሰርና ለወላጆቿ የተወለደው ልጅ የእርሷ ሸክም ይሆናል። ከትምህርት ቤት የቀረችበትን ቀን አባቷ አያስታውስም፤ «ልጅ አሳደግሁ» ብሎ ግን ይመካል።

ይህን ስል የከተማ ሰው በገበሬው እንዳይስቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ሰጥቶታል። ትንሽ ነው ብላችሁ ብታማርሩ እኔም አብሬአችሁ አማርራለሁ። ነገር ግን ያችን ሦስት ቀን «እንኳን ማርያም ማረቻት» ለሚል ወዳጅ ቢራ በመጋበዝ የጨረሰ ሰው ሠላሳ ቀን ቢሰጠው ምን ያደርግበታል? ድሮ ሕጉም ከወንድ ጋር ነበረ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ባል አገልጋይ ሊያኖርላት ካልቻለም ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በቤተሰቡ አስተዳደር ሁለቱን እኩል አደረገ። ይህን ሕግ በትምህርት ቤት ያጠኑ፥ በመሥሪያ ቤትም የሚጠቅሱ ሰዎች የሕፃን ጨርቅ ማጠብን እንደ ውርደት ሲቆጥሩት አያለሁ።

በሌላው ላይ ድንጋይ ከመወርወሬ በፊት የራሴን ልናገር። ሁለተኛዋ ልጄ ስትወለድ ወንዱን ልጄን፥ ሦስት ዓመቱን ገና ሳይጨርስ፥ «ለጥቂት ቀን» ብዬ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአያቱ ቤት ላክሁት። ምክንያቴ እናቱ እንድታርፍ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ያረፍሁት እኔ ነኝ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ አራት ወር ቆየሁ። ልወስደው በሄድሁ ቀን ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጎ «ይህ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃት። ሰውዬ አለኝ! ቤት ከገባ በኋላም ብዙ ሌሊት አልጋውን ያረጥብ ነበር፤ ሲነጋ እኔ እቆጣው ነበር፥ አንድ ቀንም መታሁት። ይህ ብልግና ሳይሆን ሐዘን መሆኑን የነገረችኝ እናቱ ናት።

ነገሩ የልብ ብቻ አይደለም፤ ሰውነትንም ይነካል። ሲስሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዋ ጋና ስትሠራ ሰውነታቸው ያበጠ፥ ቆዳቸው የተላላጠ ሕፃናት አየች። እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ በሽታው ስትጽፍ የአገሬው ሰዎች በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ወሰደች፤ ክዋሽዮርኮር። ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣ ልጅ በሽታ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት እናቶች ከሐኪሞች ቀድመው ነገሩን አውቀውታል። በእኛም አማራ ክልል በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በመላው አገሪቱ ከመቶ 38 ነበሩ። ይህ ሁሉ የአባት ጥፋት ነው አልልም፤ የውኃም፥ የበሽታም፥ የድህነትም ነገር አለበት። ነገር ግን ጎጃም እህል ለሌላው የሚሸጥ አገር ነው። በርበሬው ተሸጦ ብሩ ከኪሱ ሲገባ «ጡት የጣለው ልጅ ዛሬ ምን በላ?» ብሎ የሚጠይቅ አባት ስንት ነው?

«ልጅ ብሸከም ሰው ይስቅብኛል» ያለኝ ወጣት አባት አለ። አዎን፥ ይስቁበታል። ልጄን ከመለስሁት በኋላ አንድ ቀን ትከሻዬ ላይ አድርጌው ገበያ ስወጣ አንድ ሽማግሌ አስቁመው «ምነው ልጄ፥ ሚስትህ ሞተችብህ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ፥ ደኅና ናት። ቤት ሆና ታናሽቱን ታጠባለች» አልኋቸው።

«ታዲያ ይህ ምን ሆነና ተሸከምኸው?»

«ልጄ ነዋ፥ አባቴ።»

ጥቂት ዝም ብለው የልጁን እግር ያዝ አደረጉት። «እኔ ሰባት ወልጄ አንዱንም ተሸክሜ አላውቅም» አሉኝ። በኩራት ይሁን በጸጸት አልለየሁም።