ሁሉንም ቀብድ አይቀበሉም

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ እዚህ ካምባ በየሱቁ ግድግዳ ላይ አየዋለሁ። እኔ ሽመና የማሠራ ሰው ነኝ፤ ይህን ጽሑፍ ለጥፌው አላውቅም። ደንበኛን ንቄ አይደለም። ገንዘብ የያዘ ሁሉ ያሻውን የሚያዝበት ቤት ግን ውሎ አድሮ የባለቤቱም የሠራተኛውም መሆኑ ይቀራል፤ የክፉው ደንበኛ ጠባይ የቤቱ ጠባይ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ትዕዛዙ የነጠላና የጋቢ ነው፤ ቀብዱም ጠቀም ያለ። ቀኑ ግን አጭር፣ ዋጋውም ሲከፋፈል ለሸማኔው ከወትሮው ያነሰ። «ሳሳ አድርጉት፤ ሰው የሚያየው ጥለቱን ነው» አለን። ይህስ በክርክር ይፈታ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩትን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸውን ሰው ግን «አንተ፣ ፈጠን በል እንጂ!» አላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ወጣቶቹም እርስ በርስ በዚያው አፍ መመላለስ ጀመሩ። አንድ የላላ ጋቢ ከሽመናው ዕቃ ላይ ሲወርድ፣ ወትሮ ለትንሽ ግድፈት የሚጨቃጨቁት ሰዎች ዝም ብለው አጣጥፈው አስቀመጡት። ያን ዕለት ቀብዱን መለስን።

ዋጋና ቀን የሂሳብ ጉዳይ ብቻ ይመስሉናል። በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ከጋሞ ደጋ «እናስተምራቸዋለን» ተብለው ተወስደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የቀሩ ልጆች ነገር ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና በልጆች የግዳጅ ጉልበት ከሚመረቱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ 18 ያልሞላውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ያዛል። የወር ሥራ በሳምንት ይድረስልኝ የሚል ገዢ «አዋጁን ጣሱልኝ» አይልም፤ የሚጠይቀው ግን ያንኑ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩን አዲስ አበባ ያሉት ሳባሃርና ሙያ ኢትዮጵያ የተባሉት የሽመና ድርጅቶች አሳይተዋል፤ የሸማኔውን ክፍያና የሥራ ሁኔታ በፍትሐዊ ንግድ ደንብ አስረው ጨርቃቸውን ውጭ አገር ይሸጣሉ።

ጋሞ ላይ ተቀምጦ ስለ መምረጥ የሚናገር ሰው ግን አንድ ነገር ሸሽጎ ማለፍ የለበትም። እኛ ሰው ስንመርጥ ኖረናል፤ ያውም በክፉ አመራረጥ። ማና እና ደጋላ ተብለው የተለዩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ማላ ከሚባለው ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዳይጋቡ፣ አብረው ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገዋል። ርዝራዡ ዛሬም አልጠፋም። «ደንበኛ እመርጣለሁ» የሚለው ቃል ከዚያ ጋር እንዳይደባለቅ ቤታችን ያወጣው ሕግ ግልጽ ነው፤ የሚመለሰው ትዕዛዝ እንጂ ሰው አይደለም። ዘር፣ እምነት፣ የኪስ ውፍረት አይጠየቅም። የሚጠየቀው ቀኑ ለሥራው ይበቃል ወይ፣ ዋጋው ሸማኔውንም ፈታይዋንም ያበላል ወይ፣ ገዢው ሲመጣ ሰው አክብሮ ያናግራል ወይ የሚለው ነው። ያ ነጋዴም ነገ ቀን አርዝሞ፣ አንደበቱን ገርቶ ቢመጣ በራችን ክፍት ነው።

ይህንን የምወስነውም ብቻዬን አይደለም። አባቶቻችን ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታ ላይ እንደሚቀመጡት ሸማኔዎቹም ፈታዮቹም ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። ባለቤቱ ብቻውን የሚመርጥ ከሆነ መምረጡ ኩርፊያ ይሆናል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲመክርበት ደንብ ይሆናል።

«የተራበ አይመርጥም» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ያን ቀብድ ከመለስን በኋላ ኪሳችን ሳስቶ ነበር። ያሻገረን በደህናው ወራት የጣልነው ዕቁብ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ማለት የሚፈልግ የሥራ ቤት አስቀድሞ ለእምቢታው የሚሆን ገንዘብ ይቆጥብ፤ ባዶ ኪስ ይዞ የሚኮራ ቤት ኩራቱ ከአንድ ክረምት አያልፍም።

መንግሥትም ድርሻ አለው። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች የገበያ ትስስር ፈጠርን ብለው ሪፖርት ሲያቀርቡ የሚቆጥሩት የገዢውን ብዛትና የብሩን መጠን ነው። ገዢው ስንት ቀን እንደሰጠና ለአንድ ጋቢ ለሸማኔው ምን እንደሚደርሰው በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበትን ትዕዛዝ ማንም ይዞልን ይምጣ፣ እኛ አንቀበለውም።