«ገና የተሠራ ሞተር» ዋጋ መጨመሪያ መሆኑ ይብቃ

«አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩ ገና ወርዶ የተሠራ ነው፤ ዘይት እየቀየሩ አሥር ዓመት መንዳት ነው!» ይህን ያለው ደሴ ላይ ያገኘነው አንድ ደላላ ነው። ያለውም ዕድሜ ልኩን እህል ነግዶ ባጠራቀመው ገንዘብ አይሱዙ ኤን ፒ አር ለመግዛት ከኩታበር ለመጣ ዘመዴ ነው። ደላላ ያወራል፤ እንጀራው ነው፤ በእሱ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ዙሪያችንን የቆመው ሰው ሁሉ፣ ለምክር የጠራነው መካኒክ ሳይቀር፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ራሱን እየነቀነቀ ወደ ዋጋ ክርክር መግባቱ ነው። «ገና የተሠራ» በመባሉ ብቻ መኪናው በሞዴልም በዕድሜም ከሚመስሉት ሁሉ በላይ ተጠራበት።

እዚያው ገበያ ላይ ሌላ መኪና ሲሸጥ ምን እንደሚባል ሁላችንም ሰምተናል፦ «ሞተሩ ተከፍቶ አያውቅም!» ታዲያ ያልተከፈተ ሞተር የሚወደስ ከሆነ፣ የተከፈተውም በተከፈተበት ሳምንት የሚወደሰው በምን ሒሳብ ነው? ደህና ሞተር የሚያወርድ ሰው አላውቅም። ሞተር የሚወርደው ዘይት ሲበላ፣ ውኃና ዘይት ሲቀላቀልበት፣ በሙቀት ቴስታታው ሲጣመም ወይም ብሮንዚኑ አልቆ ሲያንኳኳ ነው። ስለዚህ «ገና የተሠራ» ያለ ሻጭ «መኪናዬ በቅርቡ ከባድ ሕመም ታሞ ነበር» ብሎናል። እኛ ግን ምን አሞት እንደነበር አንጠይቅም። ራዲያተሩ ተደፍኖ የሞቀ ሞተር ራዲያተሩ ሳይነካ ቢሠራ በዚያው ምክንያት ተመልሶ ይሞቃል፤ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይቃጠላል።

ለመሆኑ «ተሠራ» ሲባል ምን ተሠራ? በደንብ የተሠራ ሞተር ብሎኩ ታጥቦ እያንዳንዱ ሲሊንደር በማይክሮሜትር ይለካል። ክብነቱን አጥቶ ከተገኘ ሬቲፊካ ቤት ሄዶ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ፒስተኑና ፋሻውም በዚያው ልክ ይገዛል። ኮሎው ተለክቶ፣ ካስፈለገ ተላጭቶ፣ ለአዲሱ ልኩ የሚሆን ብሮንዚን ይገባለታል፤ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በዓይንና በጣት የሚገመት ነገር የለውም። ቴስታታው ተስተካክሎ ስንጥቅ እንዳይኖረው በግፊት ይፈተሻል፤ የዘይት ፓምፑም ይታያል። ሌላው አሠራር ደግሞ አለ፦ በተበላው ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ መጣል፣ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ ዙሪያውን ሲሊኮን መለቅለቅና ብሎኩን ብር ቀለም መቀባት። ሁለቱም ገበያ ሲወጡ ስማቸው አንድ ነው፤ «ገና የተሠራ» ይባላሉ። ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው ገዢ ደግሞ ሁለቱንም አንጸባርቀው ነው የሚያገኛቸው። እንዲያውም በቀለሙ የሚያምረው ሁለተኛው ነው።

ሞተሩን ሳይፈትኑ ሁለቱን የሚለየው ወረቀት ብቻ ነው። ከልቡ ሞተር ያሠራ ሰው የሬቲፊካ ቤት ደረሰኝ አለው፤ የገባው ፒስተንና ብሮንዚን ስንት ቁጥር እንደሆነ የሚያሳይ የመለዋወጫ ደረሰኝ አለው፤ የሠራለትን ጋራዥም አይደብቅም። ዘመዴ «ወረቀቱ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ «ዕቃውን ከአዲስ አበባ ሰው ነው የላከልኝ፤ እኔን አያምኑኝም?» የሚል ነበር። ብዙ ብር እየተጠየቀ ወረቀት መጠየቅ እንደ ነውር የሚታይበት ገበያ ገዢውን አዋርዷል። እንግዳ ተቀባይነታችንና ይሉኝታችን የሚያኮራን ወግ ነው፤ ሞተር መሸጫ እንዲሆን ግን መፍቀድ የለብንም።

ከዚህ የሚብሰው «ገና» መሆኑ ራሱ ነው። የተሠራ ሞተር ስሕተት ካለበት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች ነው። አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚስማማው ያኔ ነው፤ የመጀመሪያው ዘይት የብረት ብናኝ ይዞ ቶሎ መቀየር ያለበት፣ ጭነትም መቅለል ያለበት ያኔ ነው። ሻጩ ይህን ጊዜ አልነዳውም። ያልተፈተነውን ሥራ ለገዢው አስረክቦ፣ ለፈተናው ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠይቃል። ገዢውስ? በማግሥቱ እህል ጭኖ ወደ ተንታ ዳገት ይወጣል። መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ያልተነዳ ሞተር ካልተሠራው በላይ ሳይሆን በታች ሊጠራ ይገባው ነበር።

ነገሩ የባሰበትም ምክንያት አለ። ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እየተገላበጠ ይሸጣል፤ ዕቃ ሲወደድም ለመሸጥ ብሎ ሞተር የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው ከማይታየው ከውስጡ ነው። ቦሎ ማድረጉም ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ዓመታዊው ምርመራ ሞተር ከፍቶ ሲሊንደር አይለካም።

እኛ ግን መፈተኛው ደጃችን ላይ አለን። ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን የሚወጣው ዳገት ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያስጨምራል። ሞተሩን በእጅ ነክቶ መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ገዢ ከመድረሱ በፊት የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃልና። ከዚያ ሐረጎን ወጥቶ የሙቀት ጌጁንና ጭሱን ማየት ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውኃ መግባቱን ይናገራል። ዳገቱ ላይ እንደ ደረሱ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ትንፋሹን ማየትም ይገባል። ወፍራም ዘይት ጭስንና ኳኳታን ለጊዜው ስለሚሸፍን፣ የገባው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠየቅ። ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ አይረሳ፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ መለኪያውም ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ይወዳደሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወረደ ሞተሩ በደንብ አልተሠራም።

በመጨረሻ የሚመጣው ውሉ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚገለጠውም እዚያ ነው። ደላላው «አሥር ዓመት» ሲል የዋለበት መኪና ውል ላይ ሲደርስ «ገዢ መኪናውን አይቼና ፈትሼ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» በምትል መስመር ይታሰራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭም ከኃላፊነት ነፃ ነኝ የሚል ውል አያድነውም። ነገር ግን በቃል የተነገረን ነገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል። ዘመዴም «ሞተሩ መሠራቱንና የገባው ዕቃ በውሉ ይጻፍልኝ» ሲል የሻጩ ፊት ተለወጠ፤ «እንዲህ ዓይነት ነገር ውል ላይ አይጻፍም» ብሎ ተነሣ። ለመሸጥ የተነገረው ቃል ለመፈረም ሲደርስ ጠፋ።

«እንዲህ ካልን ማን መኪና ይገዛል?» የሚሉኝ አሉ። ደረሰኝ ያለው፣ ከተሠራ በኋላ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደና የሠራው ጋራዥ የሚታወቅ ሞተር ዋጋው ይገባዋል፤ በደስታ ይከፈልበት። ሙሉ ሞተር ተቀይሮ ከሆነም ብሎኩ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት፤ ካልተመሳከረ ስም ማዛወሩ ላይ ችግሩ የገዢው ይሆናል።

መኪና ልትገዙ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የምትወርዱ ወገኖቼ፣ ወረቀት የሌለውን «ገና የተሠራ» ሞተር እንዳልተሠራ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ። በአፉ የተናገረውን በውሉ ላይ ለመጻፍ እምቢ ካለ ሻጭ ጋርም አትደራደሩ፤ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።