ጋሪውን የሚጎትተው ሆዱ ነው

ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም። ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ተኝቶ ይንከባለላል። ባለጋሪው ልጓሙን እየጎተተ «ተነስ!» ይለዋል። ከኋላ የሰው ሳቅ ይሰማል። ከሚስቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። «ሥራ ሰልችቶት ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ላክሁት፤ እነሱም የሳቅ ኢሞጂ ደረደሩበት።

በኋላ የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄ ቪዲዮውን አየና አልሳቀም። «ይሄ እኮ የሆድ ቁርጠት ነው። እንዲህ የሚንከባለለው ሕመሙ ሲጠናበት ነው» አለኝ። አፈርኩ። ስለ ፈረስ ሆድ ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ፈረስ ሳር ስለሚበላ ሆዱ እንደ በሬ ይመስለናል። አይደለም። በሬ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አለው፤ የበላውን መልሶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው አንድ ነው፤ እሱም ለሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ፈረስ እንኳ ቢሆን ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ዋናው ሥራ ያለው ወደ ኋላ ነው፤ ዕውር አንጀትና ትልቁ አንጀት ውስጥ። እዚያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎችና ሌሎች በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። የሳሩንና የገለባውን ፋይበር ፈረሱ ብቻውን መፍጨት አይችልም። የሚያብላሉለት እነሱ ናቸው። ከዚያ የሚወጣው ፋቲ አሲድ ወደ ደሙ ገብቶ ጉልበት ይሆነዋል። ሳርና ድርቆሽ የሚበላ ፈረስ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ጋሪውን የሚጎትቱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው ብንል ብዙም አላጋነንም።

አሁን የጋሪ ፈረስ ውሎውን አስቡት። ከንጋት እስከ ምሽት ሲሮጥ ይውላል። በመሀል የሚበላው ካገኘ ጥቂት ነው። ማታ ቤት ሲገባ «ደክሞታል፣ ጉልበት ይሁነው» ተብሎ ፉሩሽካና እህል በአንዴ ይቀርብለታል። ባለጋሪው ይህን የሚያደርገው በፍቅር ነው። ችግሩ የፈረስ ሆድ የተሠራው ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ለመጋጥ መሆኑ ነው። ጨጓራው ቢበላም ባይበላም አሲድ ያመነጫል፤ ለረጅም ሰዓት ባዶውን ሲቀር ይቆስላል። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የምንል ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

ማታ ድንገት የሚገባው ብዙ እህል ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ትንሹ አንጀት ስታርቹን ፈጭቶ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። እዚያ ስታርች የሚወዱት ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ፤ ላክቲክ አሲድ ይበዛል፤ ፋይበር የሚያብላሉት ይሞታሉ። ሲሞቱ የሚለቁት መርዝ አንጀቱን ያውካል፣ ጋዝ ይነፋዋል፣ አልፎ ተርፎ ኮቴው ድረስ ሄዶ ያነክሰዋል። እኛ ምግብ ካልተስማማን እናስመልሳለን። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። የገባው ወደ ኋላ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ይሞታል።

በዚህ ላይ የእኛ እጅ አለበት። የተረፈ ምግብ በፌስታል ቋጥረን መንገድ ዳር እንጥላለን። የራበው ፈረስ ምግቡን ከነፌስታሉ ይውጠዋል። ፌስታሉን የሚያብላላ ባክቴሪያ ደግሞ ሆዱ ውስጥ የለም። ተጠቅልሎ አንጀቱን ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲጸድቅ አብዛኞቻችን ያሰብነው ስለ ቱቦና ስለ ጽዳት ነበር፤ ስለ ጋማ ከብት ሆድ ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

«ባለጋሪው ራሱ በልቶ ማደር እያቃተው ስለ ፈረስ አንጀት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ፈረሱ ሲሞት የሚራበው ማነው? ያው ባለጋሪው ከነልጆቹ ነው። ደግሞ ከሚያስፈልገው ብዙው ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ያንኑ ፉሩሽካ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት። ከእህሉ በፊት ድርቆሽ ወይም ጭድ ማስቀደም። ተሳፋሪ በሚጠበቅበት ሰዓት ትንሽ ድርቆሽ ማቅረብ። መኖ ሲቀየር በአንድ ቀን ሳይሆን በአንድ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ መቀየር፤ ባክቴሪያዎቹ አዲሱን መኖ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉና።

ውሃ ግን የባለጋሪው ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን በአሥር ሊትሮች የሚቆጠር ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ካጣ የበላው አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል። ከጋሪ ግብር የሚሰበስብ ከተማ በጋሪ ማቆሚያው ላይ አንድ የውሃ ገንዳ ማኖር ያቅተዋል? እኔ አይመስለኝም።

እውቀቱም ቢሆን አገር ውስጥ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ዶንኪ ሳንክቸሪ፣ ስፓናና ብሩክ የተባሉ ድርጅቶችም በጋማ ከብት ጤና ላይ እዚህ አገር ለዓመታት ሠርተዋል። የጎደለው እውቀቱ ባለጋሪው ጋ መድረሱ ነው። ብዙ ባለጋሪዎች ደግሞ የእኛው እኩያ ናቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ቲክቶክ ያያሉ። አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚሠራው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ፖስተር ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

እኛ እኮ ፈረስ እናከብራለን የምንል ሕዝብ ነን። አፄ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው» የምንለው በፈረስ ስማቸው ነው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ፎቶውን እንቀባበላለን። አገራችን ውስጥ ካሉት ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች ግን ብዙዎቹ የሚውሉት በሸክም እንጂ ባጌጠ ኮርቻ ሥር አይደለም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እንዲያደርስ ደግሞ ሆዱ ደህና መሆን አለበት።

ስለዚህ ፈረስ መሬት ሲቆፍር፣ ዞር እያለ ጎኑን ሲያይ፣ ፋንድያ መጣል ሲያቆም ወይም ሲንከባለል ካያችሁ አትሳቁ። ባለጋሪውን «አባቴ» ወይም «ወንድሜ» ብላችሁ አነጋግሩት። ከጋሪው ይፍታው፣ መኖውን ያንሳለት፣ ዘይትም ሆነ አረቄ በአፉ አያፍስበት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ከዚያ በስልካችሁ ከመቅረጻችሁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። እኔ ያን ቀን አልደወልኩም።