ለዋዛ ዘፈን የተነፈገው ማዕርግ

የሮክ ሙዚቃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ፍቅርና ስለ ሐዘን፣ ስለ ጦርነትና ስለ ዐመፅ የተዘፈነውን በክብር ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲያበቁ፣ አድማጩን ለማሣቅ የተደረሰውን ግን እንደ ልጆች ጨዋታ ቈጥረው በሁለት መስመር ማለፋቸው የቈየ ልማድ ነው፤ እኔ ግን ይህ ልማድ ፍርደ ገምድል መሆኑን፣ እንዲያውም በዚህ የሙዚቃ ስልት እጅግ የበሰለው የድርሰት ጥበብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሚያሥቁት ዘፈኖች ዘንድ መሆኑን በሙሉ ልብ አምናለሁ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፍራንክ ዛፓ በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ላወጣው አልበም ሣቅ በሙዚቃ ውስጥ ቦታ አለውን የሚል ጥያቄ ርእስ አድርጎለታል፤ መልሱንም በሥራው ሰጥቷል፤ በዛፓ ዘፈኖች ቃሉ ቧልት በሆነበት ስፍራ እንኳ ከሥሩ የሚሄደው ምት የተካኑ ሙዚቀኞች ያለ ብርቱ ልምምድ የማይደፍሩት ነበርና።

የዋዛ ዘፈን ስሙ የጠፋው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ግን መካድ አይገባም። የሮክ ኤንድ ሮል አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቸክ ቤሪ፣ በ1958 «ጆኒ ቢ. ጉድ»ን ያህል ሥራ ለዓለም አበርክቶ ሳለ፣ በአሜሪካ በቢልቦርድ ዋናው የፖፕ ሠንጠረዥ አንደኛነትን በሕይወቱ ሙሉ ያገኘው በአንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እርሱም በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ በመድረክ ላይ ተቀድቶ በ1972 የወጣው «ማይ ዲንግ ኤ ሊንግ» ነው። ይህ ዘፈን ነውርን በሁለት ትርጉም ጠቅልሎ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አዝማቹን እንዲቀበል የሚያደርግ፣ አንድ ጊዜ ከሣቁበት በኋላ ግን ዳግመኛ የሚያስደምጥ ቁም ነገር የሌለው ነው። እጅግ የሚያሳዝነውም ይኸው ሰው እውነተኛውን የሣቅ ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑ ነው። በ1964 በወጣው «ኖ ፓርቲኩላር ፕሌስ ቱ ጎ» አንድ ወጣት ወዳጁን በመኪናው አሳፍሮ ይወጣል፤ ሥፍራው ተመቸ፣ ጨረቃዋም ወጣች ብሎ መኪናውን ሲያቆም ግን የልጅቱ የመኪና ቀበቶ አልፈታ ይላል፤ ቢታገል፣ ቢጐትት፣ ቀበቶው ንቅንቅ ሳይል ይቀራል፤ ወጣቱም በዚያች ቁራጭ ብረት ላይ ቂም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚህ ዘፈን ውስጥ የሚሰደብ ሰው የለም፣ ጸያፍ ቃልም የለም፤ ያለው የሰው ምኞት ከኢምንት ነገር ጋር ተጋጭቶ መሸነፉ ብቻ ነው፤ ጊታሩም ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ እየገባ የወጣቱን ብስጭት ያራዝመዋል።

ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር የተባሉት ጥንድ ደራስያን ዘ ኮስተርስ ለተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጓድ የደረሱት፣ በ1958 አንደኛ የወጣው «ያኪቲ ያክ»ም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሙሉ ተውኔት ይፈጽማል። ወላጆች ልጃቸውን በትእዛዝ ላይ ትእዛዝ እየደራረቡ፣ ቈሻሻውን አውጣ፣ ቤቱን ጥረግ፣ ይህን ባታደርግ የኪስ ገንዘብ የለህም ይሉታል፤ በየምዕራፉም መጨረሻ አንድ ጎርናና ድምፅ መልስ እንዳይሰጥ ይገሥጸዋል። ልጁ አንዲት ቃል እንኳ እንዲመልስ አልተፈቀደለትም፤ ነገር ግን ወዲያው የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን ገብቶ እየተንተባተበ፣ እየተንጫጫ፣ በልጁ ጉሮሮ ታፍኖ የቀረውን ሁሉ ይለፈልፍለታል። አድማጭን የሚያሥቀው ቃሉ ብቻ ሳይሆን የቃሉና የመሣሪያው ክፍፍል ነው፤ ዘፈን ላልሆነ ቀልድ ይህ ጸጋ አልተሰጠውም።

በእንግሊዝ አገር የኪንክስ ባንድ መሪ ሬይ ዴቪስ በ1966 በለንደን የካርናቢ ጎዳና በልብስ ፋሽን በሰከረው ጎረምሳ ላይ በዘፈን ባላገጠበት ጊዜ ከውጭ ቆሞ፣ እርሱ እንዲህ ያደርጋል እያለ ነበር፤ መልካም ሥላቅ ነው፤ ሆኖም ሣቂውና የሚሣቅበት ተለያይተው ስለሚቆሙ አድማጭ ራሱን ሳይመረምር ይሄዳል። ከዚህ የሚከብደው መንገድ ደራሲው በሚነቅፈው ሰው ቆዳ ውስጥ ገብቶ በዚያ ሰው አንደበት መዝፈኑ ነው፤ በዚህም መንገድ ከአሜሪካዊው ከራንዲ ኒውማን የሚስተካከል አላየሁም።

ኒውማን በ1943 በሎስ አንጀለስ ተወልዶ፣ የፊልም ሙዚቃ በመድረስ ስማቸው ከገነነ አጎቶች መካከል ያደገ ነው። በ1977 የወጣው «ሾርት ፒፕል» የተባለው ዘፈኑ ከሞላ ጎደል የአንድ ሰው ንግግር ሲሆን፣ ይህም ሰው ቁመታቸው አጭር የሆኑትን ሰዎች ይጠላል፤ እጃቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ጥርሳቸውን፣ የሚነዱትን መኪና ሳይቀር እንደ ወንጀል ማስረጃ እየዘረዘረ ለመኖር ምክንያት እንደሌላቸው ይፈርዳል። ፒያኖው ግን ሰርግ ቤት የገባ ይመስል ይዘላል። በዘፈኑ መካከል ደርሶ ዜማው ይለሰልስና፣ ከኢግልስ ባንድ ግሌን ፍሬይ የሚገኝባቸው አጃቢ ድምፆች ተጨምረውበት ሰው ሁሉ ወንድማማች መሆኑ ይነገራል፤ ገና አሜን ሳይባል ግን ተናጋሪው ተመልሶ ጥላቻውን ካቆመበት ይቀጥላል። ደራሲው ለዚህ ጥላቻ ዒላማ ያደረገው በቁመቱ አጭር የሆነውን ሰው መሆኑ የጥበቡ ሁሉ መሠረት ነው፤ ሰበቡ ይህን ያህል ከንቱ ሲሆን ጥላቻው ዕርቃኑን ይቀራልና፤ በአጭሩ ሰው ፈንታ የማናቸውንም ነገድ ወይም ሃይማኖት ስም ብናስገባ ያ ንግግር በብዙ አገር የሰማነው ንግግር ይሆናል። በቅኔያችን ኅብረ ቃሉ ሰሙንም ወርቁንም በአንድነት ይሸከማል፤ በዚህ ዘፈን ግን አንድም ድርብ ቃል አይገኝም፤ ድርብ የሆነው ድምፁ ነው፤ የሚናገረው አንድ፣ የሚያናግረው ሌላ።

ብዙ አድማጭ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሰማቸው። ዘፈኑ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ሁለተኛ እስከ መሆን ሲደርስ ቍጣውም አብሮ በረታ፤ በሜሪላንድ ግዛት ከሕግ አውጪው ምክር ቤት አባላት አንዱ በራዲዮ እንዳይሰማ የሚከለክል ሕግ ለማስወጣት እስከ መሞከር ደረሰ፤ ሐሳቡ ግን ሕግ አልሆነም። የተቈጡትን አልንቅም፤ በትምህርት ቤት ግቢ በዚያ አዝማች የተቀለደበት ልጅ ቢያለቅስ ልቅሶው እውነት ነው። ነገር ግን ደራሲ ክፉን ሰው በዘፈኑ ባናገረ ቍጥር፣ ይህ የእኔ ሐሳብ አይደለም የሚል ማስታወቂያ እንዲለጥፍ ከተገደደ፣ አድማጩ በራሱ ልቡና መዝኖ የሚደርስበት ፍርድ አይኖርም፤ ያ ፍርድ ሲወለድ የሚሰማው ሣቅ ደግሞ የዚህ ጥበብ ሁሉ ዓላማ ነው።

ከኒውማን ሥራዎች ሁሉ አስቀድሜ የማከብረው «ማይ ዲንግ ኤ ሊንግ» አንደኛ በወጣበት በዚያው በ1972 የወጣውን «ሴይል አዌይ»ን ነው። ተናጋሪው በአፍሪካ ጠረፍ ላይ የቆመ የባርያ ነጋዴ ሲሆን፣ በፊቱ ላሉት ሰዎች የአሜሪካን በረከት ይሰብካል፤ ምግብ እንደ ልብ መሆኑን፣ በጫካ መሮጥ መቅረቱን፣ ኢየሱስን እያመሰገኑ ወይን እየጠጡ መዋል መኖሩን ያበሥራቸውና ወደ ቻርለስተን ወደብ በመርከቡ እንዲሳፈሩ ይጋብዛቸዋል። ዜማው እንደ መዝሙር የተረጋጋና እጅግ ያማረ ነው፤ ኦርኬስትራውም እንደ ባሕር ሞገድ ሳይሆን እንደ በረከት ነው የሚፈስሰው፤ ነጋዴው ስለ ሰንሰለትና ስለ ጅራፍ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እያንዳንዱ ተስፋ በተነገረ ቍጥር ግን አድማጩ እውነቱን ያውቃልና የጀመረው ፈገግታ በከንፈሩ ላይ ይደርቃል፤ ዜማው ስላማረከውም በነጋዴው ስብከት ለአፍታ እንደ ተሳበ ይገነዘባል። ስለ ባርያ ንግድ በዚህ የሙዚቃ ስልት ከተዘፈኑት የቍጣና የልቅሶ ዘፈኖች መካከል ከዚህ የከበደ ክስ እስካሁን አልሰማሁም።