ሰው አልባው የሌሊት ፎቶግራፍ

በትርፍ ጊዜያቸው ካሜራ አንግተው የአዲስ አበባን ሌሊት የሚያነሡ ወጣቶች መበርከታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ለዓመታት ከካሜራ ዐይን ሰውሮት ነበርና። ነገር ግን ይህ የተገኘ ሌሊት በምን ላይ ዋለ? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ያሸበረቁ ጎዳናዎችና የመስቀል አደባባይ መብራቶች፣ ደጋግመው፣ ከአንድ ማዕዘን!

“ውበት ነው” ይሉናል። ውበቱን ማን ካደ? የካሜራው መዝጊያ ሃያ ሰከንድ ተከፍቶ ሲቆይ ግን የቆመው ሕንጻ ጎልቶ ይቀረጻል፤ በጨለማው የሚራመደው ሰው ጥላውን እንኳ ሳይተው ይጠፋል። ስለዚህ ስልቱ ራሱ ወገን ይለያል፤ ጎዳናውን አስቀርቶ ጠራጊውን ይሰርዛል።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤና ካራ የሚወስደውን መንገድ ተመልከቱ፤ የመጨረሻውን ታክሲ የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ ጋቢ የተከናነበ ዘበኛ፣ በቆሎ የምትጠብስ እናት። የሌሊቱ ባለቤቶች እነዚህ አይደሉምን? ብራሳይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፓሪስን ሌሊት ሲያነሣ ከመብራቱ ጋር የሐዲድ ሠራተኞቹንም አንሥቷል።

ፎቶ አንሺው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሰውየውን ለአፍታ አስቁሞ ያንሣው። የፎቶግራፍ መምህራንም ይህን ከመጀመሪያው ትምህርት ያስተምሩ።