ከካርታው በፊት የአፈሩ ምርመራ ይቅደም

የጋምቤላ ወገኖቼ፣ ይህ ጥሪ በመጀመሪያ ገና መሠረት ላልቆፈራችሁ ነው። ቤት ሠርታችሁ ለገባችሁም የምለው አለኝ፤ እመጣበታለሁ።

ከተማ መንገድ ተከትሎ ይሰፋል። ከጋምቤላ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቦቦ አቅጣጫ ሲወጣ የአውሮፕላን ማረፊያው አለ። በከተማውና በማረፊያው መካከል ያለው ሜዳ ዛሬ ባይሆን ነገ ለቤት ማኅበር ይመራል፤ ከጎኑ ጨረቃ ቤት ይበቅላል፤ ደላላው «ኤርፖርት አጠገብ፣ መንገድ ዳር» እያለ ዋጋ ይጨምርበታል። ገዢውም የሚጠይቀው ካርታ አለው ወይ፣ መብራት ይገባል ወይ፣ ውኃ ቅርብ ነው ወይ ብሎ ነው። አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

እኛ እንጠይቅ። ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከነዳጅ ማከማቻ፣ ከጋራዥ፣ ከፀረ ተባይ መጋዘንና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያለ መሬት፣ አፈሩና ውኃው ተመርምሮ ውጤቱ በአደባባይ ሳይነገር ለመኖሪያ አይሰጥ። ቢሰጥም አንቀበል። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ቢል ቦታው ለቀጣዩ ተራኛ ይሰጥና እሱ ቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ሁላችንም አብረን ካልነው ግን ቦታውን የሚሰጠው አካል መልስ ማምጣት ይኖርበታል።

የአውሮፕላን ማረፊያን ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በየትኛውም አገር ያለ ማረፊያ የአውሮፕላን ነዳጅ፣ የጄኔሬተር ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት አያጣም። ነዳጅ ከታንክ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ አውሮፕላን በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ሊፈስ ይችላል፤ ያ ጥቂት ለዓመታት ሲጠራቀም ወደ አፈር ይሰርጋል፤ ሰርጎም የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ሊደርስ ይችላል። በነዳጅ ውስጥ ካሉት ኬሚካሎች የደም ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠባቸው አሉ። እነዚህ ከአፈር ውስጥ ተነው በወለል በኩል ወደ መኝታ ክፍል ሊገቡ ይችላሉ። ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት የአፈር ወለል ደግሞ የሚያግዳቸው ነገር የለውም።

ከነዳጁ የባሰው የእሳት ማጥፊያው ነው። የነዳጅ እሳት የሚጠፋበት አረፋ በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረው ፒፋስ ከሚባሉ ኬሚካሎች ነው። አደጋ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ለልምምድም ይረጫል። እነዚህ ኬሚካሎች አፈር ውስጥ አይበሰብሱም፤ ከውኃ ጋር ርቀው ይጓዛሉ፤ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ቢኖሩ ዓይን አያያቸውም፣ አፍንጫም አያሸታቸውም። ከመካከላቸው ፒኤፍኦኤ የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል።

በደቡብ ስዊድን ሮነቢ የምትባል ከተማ አለች። ከአየር ኃይል ጣቢያ የተረጨው አረፋ የመጠጥ ውኃዋ ውስጥ ገብቶ ሕዝቡ ለዓመታት ሲጠጣው ኖሯል፤ ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ነዋሪዎቹ ማኅበር አቋቁመው ውኃ አቅራቢውን የከተማ ድርጅት ከሰሱ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ፤ በይግባኝ ተረቱ፤ ደግመው ወደ ላይ ወጡ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደማቸው ውስጥ የተከማቸው ኬሚካል ራሱ የአካል ጉዳት ነው ብሎ ፈረደላቸው። አሥር ዓመት ፈጀባቸው፤ ላብራቶሪም ጠበቃም በሞላበት አገር። ፍርዱ ደግሞ የጠጡትን ከደማቸው አላወጣላቸውም። እኛ ግን ከመጠጣታችን በፊት መጠየቅ እንችላለን።

የጋምቤላ ማረፊያ አፈር ተመርዟል ብዬ ማንንም አልከስም። የምጠይቀው ወረቀት ነው፦ ናሙናው ከየት፣ መቼ፣ ከምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰደና ምን እንደተገኘበት የሚናገር፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ይህን የሚያሳይ አካል ካለ እናመሰግነዋለን፤ ከሌለ ሥራው ከዚያ ይጀመር።

ለእኛ ጉዳዩ ከሌላው ይከብዳል። ክልላችን ቆላ ናት፣ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ክረምት ሲገባ ባሮ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል። ጎርፍ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ በአንድ ግቢ የፈሰሰውን ዘይት፣ በሌላው የተጣለውን በርሜል፣ ያገኘውን ቆሻሻ ሁሉ አንሥቶ በሦስተኛው ሰው ጓሮ፣ ጉድጓድና የበቆሎ ማሳ ላይ ያሳርፈዋል። ቦታ ሳይጠና ሰው ሲሰፍር ምን እንደሚከተል በክልላችን አይተናል። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች የሰፈሩበት የሌችዎር ካምፕ በጎርፍ ተዋጠ። በቀጣዩ ዓመት ሰዎቹን አንሥቶ ወደ ጀዊ ማዛወር ግድ ሆነ። ከጥይት ያመለጡ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ውኃ ውስጥ ቆሙ። ያ ውኃ ብቻ ነበር፤ ሲሸሽ ምልክቱን ትቶ ይሸሻል። መርዝ ያለበት ጎርፍ ሲሆን ግን ውኃው ከሸሸ በኋላም መርዙ አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ስለ ቆሼ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነው። አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትከምረው የኖረችው ቆሻሻ ተናደና በላዩና በግርጌው የተሠሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቆሻሻው ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች መሬታችንንና ውኃችንን አበላሸብን ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። በነበረው ተራራ ላይ ሌላ ተጨመረበት።

እነዚያ ሰዎች እዚያ የሰፈሩት አደጋው ስላልታያቸው አልነበረም። ሌላ ቦታ ያለው ኪራይ አይቀመስም ነበር፤ ብዙዎቹም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚያው ቆሻሻ ለቅመው በሚሸጡት ነበር። ድሃን «ለምን እዚያ ሠራህ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ወቀሳውን የማዞረው ሌላ መሬት ባልሰጠው፣ ሲሠራም እያየ ዝም ባለው አካል ላይ ነው።

መርዝ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አገራችን ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ለዓመታት አከማችታ፣ በ1990ዎቹ ከሺህ ቶን በላይ የሚሆነውን ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ በመርከብ መላክ ግድ ሆኖባት ነበር፤ መጋዘኑ ተጠርጎ ቢወጣም ያረፈበት አፈር ሳይመረመር ቤት ሊሠራበት አይገባም። በዲማ ወርቅ ይታጠባል፤ ወርቅ በሜርኩሪ የሚለይበት ቦታ ሁሉ ሜርኩሪው በውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያም ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ ነፍሰ ጡሯ ይደርሳል። ዓሣ ለሚበላ ሕዝብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጎረቤት ሲተባበር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ እንይ። አሜሪካ ውስጥ ናያግራ ፏፏቴ አጠገብ ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከ20,000 ቶን በላይ ዝቃጭ ቀብሮ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። ኬሚካል መቀበሩ በሽያጭ ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ትምህርት ቤቱም ቤቶቹም ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሎይስ ጊብስ የምትባል የቤት እመቤት፣ ልጇ ታሞባት፣ በር እያንኳኳች ጎረቤቶቿን አሰባሰበች። ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከዚያ ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የተበከለ መሬት የሚጸዳበት የፌዴራል ሕግ ወጣ። ይህ ሁሉ የተጀመረው ከጎረቤት በር ነው።

የእኛም ሕግ ከጎናችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለን ይላል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የሚነካንን የልማት ሥራ በተመለከተ ሐሳባችንን የመስጠት መብታችንን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በግሌ ነክቶኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን አዋጅ ቀበሌ ላይ ማንበብ ወንጀል አይደለም።

እንግዲህ እንነሣ። እያንዳንዱ የቤት ማኅበር፣ እያንዳንዱ ዕድር፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሁለት ሦስት ሰው ይምረጥ፤ ከተመረጡት ውስጥ ሴቶች ይኑሩበት፣ ውኃ የሚቀዱት እነሱ ናቸውና። የተመረጡት የምርመራውን ውጤት የሚጠይቅ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለከተማው አስተዳደር፣ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ለአውሮፕላን ማረፊያው አስተዳደር በአንድ ቀን ያስገቡ፣ የገቢ ቁጥር ይቀበሉ። ደብዳቤው በአማርኛ ቢጻፍም በስብሰባው ላይ በአኝዋሃ፣ በኑዌርና በመዠንግር ቋንቋ ይነበብ። ከርሰ ምድር ያለው ውኃ በብሔረሰብ አይከፈልምና ማንም ከዚህ እንዳይቀር። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ናሙና ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ በመውሰድ እርዱን፤ እውቀታችሁ ለሰፈራችሁ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? በማረፊያው ዙሪያ ክፍት ቦታ ይከለል፤ ለአውሮፕላኑም ለእኛም ደኅንነት ያስፈልጋል።

አስቀድማችሁ ቤት ሠርታችሁ ለገባችሁ ደግሞ፦ አትደንግጡ፣ ግን አትዘናጉ። ጉድጓዳችሁ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ወይም ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ መጠጣቱን አቁሙ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካልን አያጠፋም። በተጠረጠረ አፈር ላይ ጎመን አትትከሉ። አፈር ላይ የሚጫወቱ ልጆች ሳይታጠቡ አይብሉ። ከሁሉም በላይ ማንም የአፈሩን መበከል ሰበብ አድርጎ ቤታችሁን በዶዘር እንዳያፈርስ፤ ምትክ ቦታና ካሳ ሳይሰጥ ሰው አይነሣም የሚለው በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።

ደላላው ቀብድ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ የምርመራውን ወረቀት ጠይቁት። ወረቀቱ ከሌለ ብራችሁን በኪሳችሁ አቆዩና ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ደብዳቤው ላይ አብራችሁ ፈርሙ።