የምንፈራው ጨረሩን ነው ወይስ ዝምታውን?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጣይ ከሚጀመሩት ታላላቅ ፕሮጀክቶች መካከል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አንዱ መሆኑን ተናገሩ። ሁለት ሳምንት አለፍ እንዳለ ሞስኮ ላይ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ መንግሥት ድርጅት ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ሲወራ የምሰማው ክርክር ከሁለት መልክ አይዘልም። አንዱ «ቼርኖቤልን ደጃችን ሊያመጡብን ነው» ይላል። ሌላው ፈገግ ብሎ «የግንዛቤ ማነስ ነው፤ ሕዝቡ ቢማር አይፈራም» ሲል ይመልሳል።

ይህን ሁለተኛውን አባባል እንደ ዋዛ ላልፈው አልቻልኩም። በሀገራችን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ «የግንዛቤ እጥረት» ማለት ብዙ ጊዜ «ጥያቄህን አልመልስም» ማለት ነው። እኔ የኒውክሌር ኃይል ተቃዋሚ አይደለሁም፤ ይህን ከወዲሁ መናገሬ አንባቢ በተሳሳተ ወገን እንዳይመድበኝ ነው። ነገር ግን ስለ ጉዳዩ ከብዙዎቻችን የተሻለ ግንዛቤ ያላቸውና አሁንም የሚፈሩ አንድ ሰው አውቃለሁ። አጎቴ ናቸው።

አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺህ ከሚቆጠሩ ወጣቶች አንዱ ሲሆኑ፣ በ1978 ዓ.ም. ኪየቭ ውስጥ የምሕንድስና ተማሪ ነበሩ። ቀን የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርታቸውን ይከታተላሉ፤ ማታ ከእናታቸው የተማሩትን ጸሎት በሹክሹክታ ያደርሳሉ፤ ዐቢይ ጾምንም «ሆዴን ያመኛል» እያሉ በዘዴ ይጾማሉ። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 26 ቀን ነበር። አደጋው የደረሰው በሆሳዕና ዋዜማ ነው።

ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ የቼርኖቤል ጣቢያ አራተኛው ሪአክተር ፈነዳ። በሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኘው የፕሪፕያት ከተማ 49 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። በዚያ ቅዳሜ ልጆች ትምህርት ቤት ሄደው ተመለሱ፤ ሠርግም ነበረ። አውቶቡሶች መጥተው ሕዝቡን ያነሡት በሆሳዕና ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ከፍንዳታው 36 ሰዓት ያህል ዘግይተው ነው። ሰኞ ማለዳ ስዊድን ውስጥ ፎርስማርክ በሚባል የኒውክሌር ጣቢያ የአንድ ሠራተኛ ጫማ የጨረር መፈተሻውን አስጮኸ። ስዊድናውያን መጀመሪያ የራሳቸውን ጣቢያ ጠረጠሩ፤ ኋላ ግን ነፋሱ ከየት እንደመጣ አሰሉ። የሶቪየት ቴሌቪዥን እጅግ አጭር የሆነ መግለጫ ያነበበው በዚያው ዕለት ማታ፣ ስዊድን ከጠየቀች በኋላ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ሜይ ዴይ፣ የወዛደሮች ቀን ነበር። ነፋሱ ከአንድ ቀን በፊት ፊቱን ወደ ኪየቭ አዙሯል። ይህን ባለሥልጣኖቹ ያውቃሉ፤ ሕዝቡ አያውቅም። ሰልፉ እንደ ወትሮው ተደረገ። አጎቴ በክሬሽቻቲክ ጎዳና ዳር ቆመው፣ የባህል ልብስ የለበሱ ሕፃናት አበባ ይዘው እየጨፈሩ ሲያልፉ ማየታቸውን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ስለ አደጋው በቅጡ የሰሙት ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ብርድ ልብስ ተከናንበው ካዳመጡት የውጭ ሬዲዮ ነው።

የቼርኖቤል ትልቁ የጤና ጉዳት እንዴት እንደደረሰ መረዳት ለክርክራችን ወሳኝ ነው። ከሪአክተሩ ከወጡት ነገሮች አንዱ አዮዲን 131 የሚባለው ነው። ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ ወተቷን ሕፃን ይጠጣል፤ የሕፃኑ የእንቅርት ዕጢ አዮዲኑን ይሰበስባል። ይህ አዮዲን በየስምንት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው። «ለጥቂት ሳምንታት ለልጆቻችሁ ትኩስ ወተት አታጠጡ» የሚል አንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ በወቅቱ ቢነገር ኖሮ፣ ከጉዳቱ ብዙው ሊቀር ይችል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ጉዳይ ሳይንሳዊ ኮሚቴ እንዳስታወቀው፣ በጊዜው ሕፃናትና ወጣቶች በነበሩት ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የእንቅርት ዕጢ ካንሰር ተገኝቷል። ደግነቱ በሽታው በሕክምና የሚድን በመሆኑ እስከዚያ ዓመት የሞቱት 15 ናቸው።

«እኔንስ ጾሙ አዳነኝ» ይላሉ አጎቴ እየሳቁ። ለአዋቂ ሰው አደጋው ከፍ ያለ እንዳልነበረ ያውቃሉ፤ መሐንዲስ ናቸው። የሚስቁት ግን ለአፍታ ነው።

ከዚህ ላይ ለኒውክሌር ደጋፊዎች ሐቁን መስጠት ተገቢ ነው። በቼርኖቤል በፍንዳታው ሌሊት ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፤ በከባድ የጨረር ሕመም ከተያዙት 134 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 28ቱ በጥቂት ወራት ውስጥ አረፉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተቋቋመው የቼርኖቤል ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከሁሉ ይበልጥ ለጨረር ከተጋለጡት መካከል በዘመናት ሂደት እስከ 4,000 የሚደርሱ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ገምቷል። ይህ በታሪክ ከታዩት የኒውክሌር ጣቢያ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። የኃይል ምንጮችን የሚያነጻጽሩ ተመራማሪዎች፣ ቼርኖቤልንና ፉኩሺማን ጨምረው ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ለአንድ ቴራዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በድንጋይ ከሰል ወደ 25 ሰው ሲሞት፣ በኒውክሌር ግን 0.03 ብቻ ነው። የሕዳሴው ግድብ በሁለት ዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደውን ያህል ኃይል በኒውክሌር ብናመነጭ በአማካይ የሚጠፋው የአንድ ሰው ሕይወት ነው፤ በድንጋይ ከሰል ግን ከ700 በላይ።

የራሳችንም ጉድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። እናቶቻችን በእንጨትና በኩበት ጭስ ዓይናቸው እየተቃጠለ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ይህን ግን ማንም እንደ አደጋ አይቆጥረውም፤ ሰላማዊ ሰልፍም አይወጣበትም። ያለ ኤሌክትሪክ መኖርም ይገድላል፤ የሚገድለው ግን በየጓዳው፣ አንድ በአንድ፣ ያለ ፍንዳታ ነው።

እንግዲህ ፍርሃቱ ከአደጋው ይበልጣል ማለት ነው። «ታዲያ አጎትህን ምን አስፈራቸው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ጠይቄአቸዋለሁ። መልሳቸው ስለ ጨረር አልነበረም። የቼርኖቤል ዓይነት ሪአክተር የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ጫፍ ከግራፋይት የተሠራ ነበር፤ በመሆኑም ማብላያውን ለማጥፋት ዘንጎቹ ሲገቡ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ኃይሉን ይቀንሳሉ ሲባል ይጨምሩታል። ይህ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1983 ሊትዌኒያ ውስጥ በሚገኘው ኢግናሊና ጣቢያ ታይቶ ነበር። በዚያ ሌሊት በቼርኖቤል መቆጣጠሪያ ክፍል የነበሩት ሠራተኞች ግን አልተነገራቸውም። ከአደጋው በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በእነርሱ ላይ ተላከከ፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የባለሙያዎች ቡድንም ይህን ተቀብሎ ቆይቶ፣ የንድፉን ጉድለት ዋነኛ ምክንያት አድርጎ ፍርዱን ያረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። «የፈነዳውማ ምስጢሩ ነው» ይላሉ አጎቴ።

«እርሱ የኮሚኒስቶች ነገር ነው» የሚል ካለ ወደ ጃፓን እንሂድ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 በመጠን 9.0 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ ፉኩሺማ ዳይቺን መታው። የማዕበሉ ከፍታ ከ14 ሜትር ይበልጥ ነበር፤ ጣቢያው የተነደፈው ግን 5.7 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል ነው። የመጠባበቂያ ጄነሬተሮቹ ከምድር ቤት ስለተቀመጡ በውኃ ተዋጡ፤ ሪአክተሮቹን የሚያቀዘቅዝ ኃይል ጠፋ። የጣቢያው ባለቤት ኩባንያ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ 15.7 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት በእጁ ነበረው። ስሌቱ ወደ ሥራ ሳይለወጥ ቀረ።

ሌላም የኒውክሌር ጣቢያ በዚያው የባሕር ዳርቻ አለ፤ ኦናጋዋ ይባላል። ከፉኩሺማ ይልቅ ለመንቀጥቀጡ መነሻ የቀረበ ሲሆን የመታው ማዕበልም 13 ሜትር ያህል ነበር። ግን አልወደቀም። ጣቢያው ሲታቀድ ያኖሱኬ ሂራይ የተባሉ መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ869 ያን አካባቢ ያጥለቀለቀውን ጥንታዊ ማዕበል አስታውሰው «ከፍ አድርጋችሁ ሥሩት» ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ወጪ ይበዛል ተባለ፤ እርሳቸው ግን አልተበገሩም። ጣቢያው ከባሕር ጠለል 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ተሠራ። ሂራይ ይህን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1986 አረፉ። በ2011 ግን ቤታቸው በማዕበል የተወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ነዋሪዎች የተጠለሉት በዚያ የኒውክሌር ጣቢያ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፉኩሺማ ላይ በተቃራኒው 35 ሜትር ከፍታ የነበረው የባሕር ዳር ገደል ተቆርጦ ወደ 10 ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር። ባሕሩ አንድ፣ መንቀጥቀጡ አንድ፣ ቴክኖሎጂውም ተቀራራቢ ነው።

ከፉኩሺማ አካባቢ ከ150 ሺህ በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ሸሽተው ቱሺማ ወደተባለ ሥፍራ ሄዱ፤ ጨረሩም የሄደው ወደዚያው ነበር። መንግሥት የጨረሩን አቅጣጫ በኮምፒዩተር የሚተነብይ ሥርዓት ነበረው፤ ትንበያው ግን ለከንቲባውም ለሕዝቡም አልደረሰም። ከሆስፒታል በጥድፊያ የተነሡ ሽማግሌዎች በየአውቶቡሱና በየአዳራሹ ሕይወታቸው አለፈ። በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከመፈናቀሉና ተያይዞ ከመጣው እንግልት የተነሣ እንደሞቱ የተመዘገቡት ከ2,300 ይበልጣሉ። በጨረር ሞተ ብሎ የጃፓን መንግሥት ያመነው ግን የአንድ ሠራተኛን ሞት ነው። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው ገለልተኛ መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2012 አደጋውን ሰው ሠራሽ ሲል ሰይሞታል። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ የተቆጣጣሪው አቋም ነበር፤ ጣቢያዎቹን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የኒውክሌር ኃይልን በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበር። ልጅ አባቱን እንዲቆጣጠር የተሾመ ያህል ነው።

አሁን ወደ እኛ። ሀገራችን ለነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ነባር አባል ናት፤ የሆስፒታል ጨረር መሣሪያዎችን የሚመለከት የጨረራ መከላከያ ሕግም አላት። አንድን የኤክስሬይ ክፍል መቆጣጠርና አንድን ሪአክተር መቆጣጠር ግን ለየቅል ናቸው። የገንዘቡ ነገርም ቀላል አይደለም፤ ግብፅ ለኤል ዳባ ጣቢያዋ ከሩሲያ የ25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ነው የወሰደችው። ይህን ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች ልተወው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቦታው ነው። ስምጥ ሸለቆ ሀገሪቱን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቅቋል፤ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የምንኖር አልጋችን ሲወዛወዝ ቆጥረናል። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷታል። የሂራይ ጥንታዊ ማዕበል ለእኛም አለ ማለት ነው፤ ተጽፎም ይገኛል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጥናት ማእከልን የመሠረቱት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን፣ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ጭምር ለቅመው የኢትዮጵያንና የአፍሪቃ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ቦታ የሚመርጡት ሰዎች ይህን መጽሐፍ ከጠረጴዛቸው ላይ ማስቀመጣቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ «ሕዝቡ እንዳይፈራ እናስተምረው» ከማለት በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። የቦታ መረጣ ጥናቱ ከውሉ በፊት በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋም ይታተማል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ፕሮጀክቱን ለሚያስፈጽመው አካል ነው ወይስ ለተወካዮች ምክር ቤት? የተቆጣጣሪው ኃላፊ «ይህ ሪአክተር ዛሬ ይዘጋ» ብለው ቢያዝዙ በማግስቱ ቢሮአቸው ውስጥ ይገኛሉ? ችግር ያየ አንድ ቴክኒሽያን አለቃውን አልፎ ቢናገር ምን ይጠብቀዋል? አደጋ በደረሰ ቀን ኢንተርኔት ይሠራል ወይስ ይዘጋል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ የሚመስለው ካለ፣ በዚህች ሀገር ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት መዘጋቱን ያስታውስ።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ኪየቭን በሚመለከት ሁለት ቦታ አረሙኝ፤ ስለ ጥያቄዎቹ ግን ምንም አልጨመሩም። «የቦታው ጥናት የወጣ ዕለት አምጣልኝ» አሉ። መነጽራቸውን ባለፈው ሳምንት አስቀይረዋል።